ሙሌት ነው፣ ምትክ አይደለም

የሶልያናን ጉዳይ ለባሏ የነገረችው ባጃጅ ናት።

ናሆም እንደ ወትሮው ማለዳ ፍራንኮ ሰፈር ካለው ቤቱ ወጥቶ፣ ሚስቱ ወደምትታከምበት ማገገሚያ ሊሄድ ተሳፈረ። ሹፌር የሌላት ባጃጅ በሯን ዘጋች። ጥቂት እንደ ሄደች፣ ለሽማግሌዎች ተብሎ በተገጠመላት ድምፅ ማጉያ፣ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ፤ ባለቤትዎ ለረጅሙ እንቅልፍ ተስማምተዋል» አለችው። ከዚያ ቀበቶውን እንዲያስር አሳሰበችው። አሰረ። ሰባ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው፣ ያውም አዳማ ላይ፣ ባጃጅ የምትለውን መስማት ለምዷል።

ረጅሙ እንቅልፍ ሞት አይደለም። ሞት ነው የሚል ሰው ካለ በትሕትና ይታረማል። የሚተኛው አካሉ ብቻ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ ከሚሽከረከሩበት ኮረብታ ሥር፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል። በስሙ የሚናገርለት ሙሌቱ ግን ቤት ይቀራል። ለልጆች ይደውላል፣ ሰርግ ይታደማል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤት ጋር ያወጋል። ሬሳ የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን ጥሎ መንገድ የሚዘጋም የለም። ቤተሰብ ይወደዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ሰውን የሚያውቀው በንባቡ ነው፤ ንባብ ጭንቅላት ከከተማው ጋር ያለ አፍ የሚነጋገርበት ቋንቋ ነው፤ በየጊዜውም ይታደሳል። ናሆምና ሶልያና ሦስተኛ ንባብ ናቸው፤ ከተማው ዘጠነኛ ላይ ደርሷል። የሦስተኛ ንባብ ጭንቅላት ከዚያ በላይ አይሸከምም፤ የሞከሩ ሽማግሌዎች የሆኑትን ሆነዋል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ብቻውን ቢቀር በር ቢያንኳኳ በሩ አያውቀውም፤ ሐኪም ዘንድ ቢቀመጥ መሣሪያው ወንበሩ ባዶ ነው ይላል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ሙሌት ተሰጠው። ሙሌት ከሰውየው ጋር አብሮ ይውላል፤ ሰውየው የማይችለውን በሰውየው ስም ያደርግለታል። በሩን ሰላም ይላል፣ ሻጯን ደህና ዋልሽ ይላል፣ ተራ ይይዛል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። ናሆም የገዛ ሙሌቱን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ንግግሩ በዘጠነኛው ነው፤ የእሱ ጆሮ እዚያ አይደርስም። ሰዎች ፈገግ ሲሉለት፣ መልካም ነገር ተናግሬ ይሆናል ብሎ ይገምትና እሱም ፈገግ ይላል።

ማገገሚያው ሲደርስ ሶልያና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከፋሲካ ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ምላሷም ከብዷል። ከዚያ በፊት አዳራሽ ሙሉ ተማሪ በአንድ ቃል ጸጥ የምታሰኝ የፊዚክስ መምህር ነበረች። ባሏን ስታይ ግራ እጇን ዘረጋች።

«ቤ…ት» አለች። ቃሉን እንደ ከባድ ጆንያ ጎትታ ነው ያወጣችው። «ውሰ…ደኝ።»

ደምመላሽ የሚባለው ወጣት ነርስ አልጋውን እያስተካከለ ነበር። ናሆም ዞር ብሎ፣ «ተስማምታለች ያላችሁት እሷን ነው?» አለው።

ደምመላሽ አፉን ከፍቶ ለመናገር ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። የእሱ እድሜ ሰዎች አፋቸውን የሚያውቁት ለምግብ ነው። «አዎ ጋሼ» አለ በሻከረ ድምፅ። «ማክሰኞ ዕለት ፈቃዳቸውን ሰጡ። እንዴት እንደሚያጫውቱን ቢያውቁ! ሳቃቸው ብቻ!»

«አሁን ቤት ውሰደኝ አለች እኮ። አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። አንዳንዴ ድምፅ ያወጣሉ» አለ ነርሱ፣ አዝኖ። «ለቤተሰብ ያስጨንቃል፤ ይገባኛል።»

«እኔ አልተስማማሁም።»

ደምመላሽ ፊቱ በራ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ማመስገን ጎንበስ አለ። እንቅልፉ የፊታችን ሰኞ እንደሆነም ነገረው። ናሆም ምስጋናው ለምን እንደሆነ አልገባውም። ነርሱ ሥራ በዝቶበት ነው ብሎ ተወው።

በዚያው ቀን ልጁ ከድሬዳዋ ደወለ። ልጁ አጥላባቸው ይባላል። ናሆምና ሶልያና ዛሬ የሽማግሌ ስም ነው፤ የወጣቶቹ ስም ደግሞ ከቅድመ አያቶች ተቆፍሮ የወጣ ነው፤ የስም ፋሽን ዞሮ ዞሮ ይመጣል። አጥላባቸው ቸኩሎ ነበር፤ አባቱን በአፍ ማናገር ያደክመዋል።

«አባዬ፣ እባክህ ነገር አታክርር። እማዬ ትናንት ለልጆቹ ተረት ነገረቻቸው። ስቃ፣ ቀልዳ፣ እንደ ድሮዋ። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ሆና አታውቅም።»

«ያቺ እናትህ አይደለችም። ሙሌቷ ናት።»

«የትኛዋ ናት ታዲያ እናቴ? ስሜን መጥራት የማትችለዋ?»

ናሆም ልጁን ሊቆጣው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ እያለቀሰ እንደሆነ ከትንፋሹ ለየ፤ አባት ነውና አንጀቱ አልቻለም። ስልኩ ሲዘጋ የሶልያና ድምፅ ከሳሎኑ ግድግዳ፣ «ልጁን አታስከፋው እንጂ ናሆሜ» አለው፤ ጥርት ያለ፣ የአርባ ዓመት ሴት ድምፅ። ጆሮውን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ።

አንድ ነገር ግን ያውቃል። ወጣት ሳለ ድረ ገጽ ሠሪ ነበር። በዚያ ዘመን አሮጌ ብራውዘር የሙጥኝ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አዲሱ ገጽ አይከፈትላቸውም። ለእነሱ ሲባል ብራውዘሩ የጎደለውን ችሎታ የሚሞላ ትንሽ ኮድ ይጻፍ ነበር፤ ፖሊፊል ይሉታል። በአሮጌውና በአዲሱ መሐል ገብቶ የአንዱን ለሌላው የሚያቀብለውን ደግሞ ሺም ይሉታል። ኋላ ነገሩ ከብራውዘር ወደ ሰው ሲሻገር፣ ባለሥልጣናቱ ስሞቹን አማርኛ አለበሷቸው። የሚያቀብለው ሽብልቅ ተባለ፤ ጉድለት የሚሞላው ሙሌት፤ ሰውየውን አንስቶ በቦታው የሚቀመጠው ምትክ። ሕጉ የቆመው በነዚህ ስሞች ላይ ነው። ሽብልቅ ለማንም አይከለከልም። ሙሌት ለሽማግሌ ይፈቀዳል። ሰውን በምትክ መለወጥ ግን ወንጀል ነው፤ እስር ቤት ያስገባል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የሶልያና ሙሌት በስሙ ምትክ ከተባለ እንቅልፉ ይቀራል። ናሆም በማግስቱ ወደ ስያሜ ጽሕፈት ቤት ሄደ።

ጽሕፈት ቤቱ በከተማው ውስጥ ሰው በአፉ ተናግሮ የሚደመጥበት ብቸኛ ቦታ ነው። የስም ጉዳይ የቃል ጉዳይ ነውና ሕጉ እንደዚያ አዘዘ። በዚህም የተነሣ ማንም እዚያ መመደብ አይወድም፤ ሠራተኞቹ ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። ናሆምን የተቀበለችው ይመኙሻል የምትባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ማርና ሞቅ ያለ ውሃ አስቀምጣለች።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለችው። «ይንገሩኝ።»

ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ እንዲህ ከተሰማ ዓመታት አልፈውታል፤ ከደስታው ብዛት ነገሩን ሁለቴ ደገመው።

«ሚስቴ ልትተኛ ነው፤ ያ ነገር በቦታዋ ሊኖር ነው። ይሄ ምትክ ካልሆነ ምትክ የምትሉት ምኑን ነው?»

ይመኙሻል ማር ቀመሰች። «ምትክ ሰው ምንም ሳይጎድለው በቦታው የሚገባ ነው። ሙሌት ጉድለትን ይሞላል። እማማ መናገር ጎደላቸው፤ ሞላላቸው። መሄድ ጎደላቸው፤ ሞላላቸው።»

«ሁሉንም ከሞላው እሷ የት ቀረች?»

«ጉድጓዱ ምን ቢሰፋ አባባ፣ የሚሞላው ሙሌት ነው። ስሙ አይቀየርም።»

ይህን ስትል ክፋት አልነበረባትም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ናሆም ጥቂት አሰበና ወጣትነቱን ቆፈረ።

«ኮዱን እኛ ስንጽፈው አንድ ደንብ ነበረው» አላት። «መጀመሪያ ትጠይቂያለሽ። ይሄን ትችላለህ? ትይዋለሽ። ከቻለ አትነኪውም። ካልቻለ ብቻ ትሞያለሽ። እናንተ ግን መጠየቁን ትታችሁታል። የትውልድ ዘመን ታያላችሁ፣ ሽማግሌ ነው አይችልም ትላላችሁ፣ ትሞላላችሁ። ማነሽ ልጄ፣ ሚስቴን ማን ጠየቃት?»

ልጅቷ ከሞቀው ውሃ ተጎነጨች። ደንቡ በሕጉ ውስጥ አለ፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ሚሊዮን ሽማግሌ አንድ በአንድ ከመጠየቅ ዘመን ቆጥሮ መሙላት ይፈጥናል።

«ፍተሻ መጠየቅ ይችላሉ» አለች በመጨረሻ። «ለእማማ ልያዝልዎት?»

«ያዥልኝ። ግን ሙሌቷ እላይዋ እያለ እንዳትፈትሿት። ትችያለሽ ብትሏት እሱ ነው እችላለሁ የሚለው። መጀመሪያ አንሡላት።»

«እሱንስ እናውቃለን» አለች ይመኙሻል፤ ፈገግም አለች። «ይነሣላቸዋል። ሰኞ ጠዋት፣ ከእንቅልፉ በፊት። ሌላ የሚጠይቁት አለ?»

«የለም» አለ ናሆም።

እሁድን ያሳለፈው ቤት ሲያሰናዳ ነው። አልጋውን ወደ ሳሎን አመጣ፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ መደገፊያ እንጨት ቸነከረ፤ ሶልያና በግራ እጇ እንድትይዘው ቀለል ያለ ኩባያ ፈልጎ አገኘ። ግድግዳው በእሷ ድምፅ እንግዳ ይመጣል እንዴ ብሎ ጠየቀው። አልመለሰለትም። ደስ ብሎት ነበር፤ እያፏጨ ነበር የሚሠራው።

ሰኞ ጠዋት ይመኙሻል ማሯን በትንሽ ብልቃጥ ይዛ ማገገሚያው መጣች። ደምመላሽም በር ላይ ቆመ። ይመኙሻል ለራሷ አንድ ነገር ያሰበች ያህል ዓይኗን ስትጨፍን የሶልያና ሙሌት ተነሣ። ወዲያው በሶልያና በኩል ያለው መብራት ጠፋ፤ ክፍሉ እዚያ ጋ ሰው የለም ብሎ ነው። አልጋው ሙቀቱን አቆመ። ሶልያና ደንግጣ ባሏን ፈለገች። እጇን ያዘላት።

ይመኙሻል ጨለማው ውስጥ ገብታ በጉልበቷ ተንበረከከች። «እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ በአፏ። «መተኛት… ይፈልጋሉ?»

ደምመላሽ እግሩን እየቀያየረ ይቆማል። የሶልያና ግማሽ ፊቷ ተኮማተረ፤ አላባት።

«አል…ፈልግም» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቤቴ። ናሆም… ጋ።»

ይመኙሻል ዓይኖቿን ጠረገች። «ችለዋል» አለች ወደ ነርሱ ዞራ። «ፈቃዳቸው ተሰምቷል። የማክሰኞው ውድቅ ነው።» ናሆም የሚስቱን ግንባር ሳመ። አለቀሰ፤ አላፈረበትም።

ቀሪው ቀላል ነገር መሰለው። ሙሌት የሌላት ሴት ለከተማው የለችም፤ ስለዚህ ተረክቦ የሚወስዳት ሰው ለማገገሚያው እሺ ማለት አለበት። የሚረከበው ባሏ ነው። ደምመላሽ ወደ ናሆም ዞሮ ቆመ፤ በዘጠነኛው ጠየቀው ማለት ነው። ማገገሚያው የስያሜ ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ ለውሳኔ የሚጠይቀውም የሚሰማውም በዘጠነኛው ብቻ ነው።

«እረከባታለሁ» አለ ናሆም ጮክ ብሎ። «አሁኑኑ።»

ደምመላሽ ጎንበስ ብሎ አመሰገነው። ያንኑ ያለፈውን ምስጋና። ይመኙሻል ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆነ?»

«አባባ» አለች። «አልረከብም ብለዋል።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

ወጣትነቱን በሙሉ ለሌላ ሰው ብራውዘር ሲጨነቅ የኖረ ሰው ነው። አሮጌው ሁልጊዜ የሌላው ነበር፤ የገዛ ራሱን አንድም ቀን ፈትሾ አያውቅም። አሁን ይመኙሻልን አሳዘናትና፣ ለራሱ ጆሮ እንዲደርስ የሙሌቱን ድምፅ ከፈተችለት። ከክፍሉ ግድግዳ የገዛ ድምፁ መጣ፤ ሳል የሌለበት፣ የተረጋጋ፣ የጨዋ ሰው ድምፅ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆቼ» ይላል ድምፁ። «ሚስቴን ሳያት ሆዴ ይባባል። እኔም አቅም የለኝም፤ ማንንም ማስቸገር አልፈልግም። ባለፈውም ነግሬያችኋለሁ፤ ትተኛ።»

«እምቢ!» አለ ናሆም።

«እናመሰግናለን» አለ ድምፁ።

«ይሄን ነገር አንሡልኝ። አሁን አንሡልኝ።»

«ቢቆይልኝ እመርጣለሁ» አለ ድምፁ፣ በትሕትና። ደምመላሽ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ናሆም የይመኙሻልን ክንድ ያዘ። «አንቺ በአፍሽ ጠይቂኝ። እሷን እንደ ጠየቅሽ ጠይቂኝ። እመልስልሻለሁ።»

«ፍተሻው የተያዘው ለእማማ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ጉሮሮዋ ይሁን ሌላ አልታወቀም። «ሌላ የሚጠይቁት አለ ስልዎት የለም አሉኝ። ያኔ ለራስዎም ቢያስይዙ ኖሮ አንድ ላይ ይታይ ነበር። አሁን ተራው ረጅም ነው። ኅዳር ላይ እይዝልዎታለሁ።»

«ኅዳር! እሷስ?»

«የሚረከባቸው ከሌለ ባዶ አልጋ ላይ ሊቆዩ አይችሉም፤ ሙሌታቸው ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

ተመለሰ። የሶልያና መብራት በራ፤ አልጋው ሞቀ፤ የሶልያና ሙሌት ስለ መልካም መስተንግዶው ሁሉንም አመሰገነና ለመተኛት ዛሬ እንደሚመቸው ተናገረ። አልጋው ተንቀሳቀሰ። ሶልያና የናሆምን እጅ አልለቀቀችም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀው ደምመላሽ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳያማት እየተጠነቀቀ። «ናሆም» አለች። ይህን ቃል ሳትጎትት ነው ያወጣችው። ናሆም ተከትሎ ሮጠ። የመተላለፊያው በር ከናሆም ሙሌት ጋር ተሰነባብቶ ተዘጋ።

ይመኙሻል እስከ ባጃጇ ሸኘችው። ድምፁን ልዝጋልዎት ብትለው እንቢ አላት። ቢያንስ የሚለውን ልስማው አለ።

ቤት ሲገባ የሳሎኑ አልጋ እንደ ተነጠፈ ነው።

«ናሆሜ፣ መጣህ?» አለ የሶልያና ድምፅ። «ምሳ በልተሃል?»

«በልቼ ነው የመጣሁት የኔ ቆንጆ» አለ የናሆም ድምፅ። ናሆም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ወደ ኩሽናው ሄዶ ቁራሽ ዳቦ አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

ሁለቱ ድምፆች አወሩ። ስለ ጎረቤት ልጅ ሰርግ አወሩ፤ ከብዙ ዓመት በፊት ሶደሬ ሄደው ዝንጀሮ ቦርሳዋን የነጠቃትን አንስተው ሳቁ፤ እሱ ያኔ ማን ሮጠ ብሎ አሾፈባት፤ እሷ መለሰችለት። ናሆም ሚስቱ ከታመመች ወዲህ እሷን ለማሳቅ ስንት ጥሮ ነበር፤ አልተሳካለትም። ይሄኛው ምንም ሳይለፋ አሳቃት። ቀናበት። ቅናቱ ከሐዘኑ በለጠ፤ በዚህም ራሱን ጠላ።

አመሻሽ ላይ አጥላባቸው ደወለ፤ ወሬው ላይ ገባ። እናቱም አባቱም ድምፃቸው በአንዴ ሲሰማው የሕፃንነቱ ቤት ትዝ አለው፤ ሳቀ። ናሆም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ፣ «ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ እናትህን ወሰዷት» አለ። ልጁ ይስማው አይስማው አይታወቅም፤ የዝንጀሮውን ወሬ እንዲደግሙለት ጠየቀ።

«አባትህ ግን ደክሞታል» አለች የሶልያና ድምፅ። «ብቻውን ይንገላታል። እሱም ቢተኛ አንድ ላይ ቤታችንን እንይዝ ነበር።»

«እኔም አስቤበታለሁ» አለ የናሆም ድምፅ።

«አይሆንም» አለ ናሆም። ግድግዳውን በጡጫው መታው። ቀጥሎ በሁለት እጁ መታው።

«ተመስገን» አለ አጥላባቸው፤ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔማ እንዴት እንደምነግርህ ጨንቆኝ ነበር። መቼ ይሁን?»

«ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ» አለ የናሆም ድምፅ። «ነሐሴ ይሁን፤ እናንተም መንገዱ እንዳይከብዳችሁ።»

ሦስቱም ተስማሙ።